ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም

ሁስና የቲያትሩን ቲኬት የገዛችው በእልህ ነው። እጮኛዋ በራእ ወደሚጫወትበት ቲያትር እናትና አባቷን እንዳታመጣ ለምኗት ነበር። መጀመሪያ ቲያትሩ ለትልቅ ሰው አይሆንም አለ፤ ቀጥሎ እንግሊዝኛው ይከብዳቸዋል አለ፤ ምክንያት ሲያልቅበት ደግሞ መሬት መሬት ያይ ጀመር። እሷ ግን ምክንያቱን ያገኘችው መሰላት። ሰውየው የለንደን የመድረክና የፊልም ተዋናይ ነው፤ እዚህ ዳላስ እንኳ መንገድ ላይ አስቁመው ፎቶ የሚያነሱት አሉ። የሷ አባት አቶ ፈክረዲን ደግሞ ፋርመርስ ብራንች በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሱ ወገባቸው ያለቀ ሰው ናቸው። እሷ ራሷ ኤርፖርት ላይ መንገደኛ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ተርሚናል የምታመላልስ የአውቶቡስ ሾፌር ናት። ታዲያ ከቲያትሩ በኋላ ብርጭቆ ጨብጠው በሚቆሙት ባለሀብቶች ፊት ምን ብሎ ያስተዋውቃቸው? አፍሮብን ነው አለች በልቧ። ደሟ ፈላና ከፊት ረድፍ ሦስት ወንበር ገዛች።

የተዋወቁት በዚያው አውቶቡስ ውስጥ ነበር። አምና ለፊልም ቀረጻ ሲመጣ፣ ባዶውን ወንበር ሁሉ አልፎ ልክ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠና ብቻውን መጨቃጨቅ ጀመረ። ሁስና በስልክ ከሚስቱ ጋር የሚጣላ መስሏት፣ ሲበርድልህ ብትደውልላት ይሻላል አለችው። ሳቀ። ሚስት እንደሌለው፣ የሚያጠናውም የቲያትር ቃል እንደሆነ ነገራት። ደረቷ ላይ ያለውን ስም አንብቦ በተሰባበረ አማርኛ «የኛ ልጅ ነሽ» አላት። አባቱም ለንደን ውስጥ ቀይ አውቶቡስ ይነዱ ነበር፤ እሱ ልጅ ሆኖ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይቺው ቦታ ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አብሯቸው ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ከሾፌር ጀርባ ካልተቀመጠ መንገድ አይመቸውም። ሲወርድ በመስታወቱ ውስጥ ዞሮ ያያት አስተያየት ሳምንቱን ሙሉ ልቀቀኝ ብትለው አልለቃት አለ።

አቶ ፈክረዲን ሊጋቡ ማሰባቸውን ሲሰሙ አልተቆጡም። ተዋናይ ነው ሲባሉ ግንባራቸውን ከመቋጠር በቀር ያሉት የለም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ የሥጋ ዘመዱ መጥቶ በሬ ላይ ይቁም አሉ። ሰፈሩ ጋርላንድ ይሁን እንጂ እዚያ አፓርታማ ውስጥ ሕጉ የደሴ ነው። ሴት ልጅ የምትጠየቀው በሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌም ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም።

በአንድ ቅዳሜ ሦስት ሰዎች መጡ። ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ያሉ ናቸው። መሪያቸው አቶ ግዛቸው ግን ድምፃቸው ቤቱን ሞላው፤ ከሂዩስተን የመጡ የበራእ አጎት፣ የእናቱ ወንድም እንደሆኑ ተናገሩ። ስማቸው የክርስቲያን መሆኑን ሲሰሙ አቶ ፈክረዲን ጭራሽ ደስ አላቸው። ወሎ ነዋ፣ የኔም እናት ወንድም ቄስ ነበሩ ብለው ሶፋውን አመላከቱ። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ግዛቸው። አቶ ፈክረዲን እንደ ወጉ ስለ አባትየው ጠየቁ፤ ታመው ለንደን ቀርተዋል ተባሉ። ታዲያ ምን ቃል ላኩ ብለው ጠየቁ። አቶ ግዛቸው ወደ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ዞር አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አንስተው የአባትየውን ቃል ተናገሩ።

«ለልጄ የማወርሰው ቤት የለኝም፤ መሬትም የለኝም። ያለኝ ስሜ ነው። ስሜን ይዞ በራችሁ ላይ ሲቆም፣ ማነህ ሳትሉ ግባ በሉት።»

ሁስና ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ቆማ ሰምታዋለች። የእናታቸውን መርዶ ሲሰሙ እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሱት አባቷ መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ግባ ብለነዋል፣ ተቀመጡ አሉ። ያን ሳምንት ደሴ ያልደወሉለት ዘመድ አልነበረም። የአባቱን ቃል ብትሰሙት እያሉ፣ ቃል በቃል ለሁሉም ደገሙለት። እናቷ ወይዘሮ ኸይሪያ የጋብቻው ኒካሕ ሰኔ ላይ እንዲሆን ከመስጊዱ ጀማዓ ጋር ተነጋገሩ፤ ሁስናም የምትለብሰውን መረጠች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ። የቀለለው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፎርት ወርዝ ከተማ ባለው ቲያትር ቤት ነው።

በሩ ላይ ቲኬት የሚቀበሉት ሰውዬ ቀና ብለው ሲያዩዋቸው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከሁለቱ ዝምተኛ ሽማግሌዎች አንዱ፣ አቶ ወልደ ሥላሴ ናቸው። አቶ ፈክረዲን ደስ ብሏቸው እርስዎም ሊያዩ መጡ እንዴ ብለው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ያንን የቲያትር ቤቱን ሰደርያ ያስተዋሉት ከተሳሳሙ በኋላ ነው። ሽማግሌውም ሥራ ይሠራል፣ ምን አለበት ብለው አለፉ። ሁስና ግን ልቧ ነገር ነገር አላት።

ቲያትሩ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ስለሚነዱ አባትና ተዋናይ መሆን ስለሚፈልግ ልጅ ነው። ልጁን የሚጫወተው በራእ ነው። መድረክ ላይ ሲወጣ ወይዘሮ ኸይሪያ ማሻአላህ ብለው የሁስናን ጉልበት ጨበጡ። እሷም ንዴቷን ረሳችው። እውነት ለመናገር መድረክ ላይ ሲቆም ዓይን ከሱ ሌላ ሰው ላይ አያርፍም ነበር። ቀጥሎ አባትየው የሾፌር ኮፍያ አድርገው ወጡ። አቶ ግዛቸው ናቸው።

አቶ ፈክረዲን መጀመሪያ ፈገግ አሉ። አጎትየውም ተዋናይ ናቸው ለካ ብለው ወደ ሚስታቸው ጆሮ ጎንበስ አሉ። ትንሽ ቆይቶ በመድረኩ ላይ ያለው ሁሉ ሄደና አቶ ግዛቸው ብቻቸውን ቀሩ። እስከዚያ እንግሊዝኛ የነበረው ቲያትር በአንዴ አማርኛ ሆነ፤ ትርጉሙም ከላይ ግድግዳው ላይ በፊደል በራ። አቶ ግዛቸው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ። ያ የቤታቸውን ጣሪያ ያዩበት አስተያየት ነው።

«ለልጄ የማወርሰው ቤት የለኝም…»

የአቶ ፈክረዲን ከንፈር አብሮ መንቀሳቀስ ጀመረ። ቃሉን በቃላቸው ያውቁታል፤ ለደሴ ሰው ሁሉ አድርሰውታል። ከተዋናዩ ቀድመው «ያለኝ ስሜ ነው» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ከንፈራቸው ቆመ። ከኋላቸው ያለ ሕዝብ አፍንጫውን ይጠርጋል፤ አንዲት ነጭ ሴትዮ ጮክ ብላ ታለቅሳለች። ጭብጨባው አዳራሹን ሲያናውጠው አቶ ፈክረዲን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊታቸውን ያያሉ።

በራእ ወደ መድረኩ ተመልሶ ሲመጣ ከፊት ረድፍ አያት። አፉን ከፈተና ቃል አጣ። አዳራሹ የትወናው አካል መስሎት ትንፋሹን ዋጠ። ሁስና ግን ዓይኑን አየችው፤ ያ የሌባ ዓይን ነው። አፍሮባቸው እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባት። ከማፈር የባሰ ነገር ነው ያደረገው። ተነስታ መድረኩ ላይ ወጥታ አንገቱን ብትይዘው በወደደች ነበር፤ አባቷ ግን ሰው ሥራ ላይ ሳለ አቋርጦ መውጣት ነውር ነው ብለው ክንዷን ያዙና እስከ መጨረሻው ተቀመጡ።

ወደ ቤት ሲመለሱ የምትነዳው እሷ ናት። ቤድፎርድ የምትባለውን ከተማ ሲያልፉ አቶ ፈክረዲን ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ኸይሪያ፣ እኔ ለማን ነው ያለቀስኩት?» አሉ።

ሁስና መሪውን እስኪያማት ጨበጠችው። አባቷን ያን ያህል አንሰው አይታቸው አታውቅም።

በማግስቱ ሰኞ ቲያትር ቤቱ ዝግ ነው። ቀትር ላይ በራእ ጋርላንድ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ላደረገው የስልክ ጥሪ ሁሉ አልመለሰችለትም፤ የሥራ ተራዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ ቤት ውላለች። በሩን ከፈተችና አላስገባችውም። ከኋላዋ ገርበብ አድርጋው ውጭ ደረጃው ላይ ቆመች። ያልተላጨ፣ ዓይኑ ያበጠ ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ብታየው ታዝንለት ነበር። አሁን ግን ይቺንስ የት አጠናት አለች።

«አጎት የለህማ» አለችው።

«የለኝም።»

«አባትህም አልታመሙም።»

«አላውቅም። ማለቴ… ካነጋገርኩት ብዙ ዓመት ሆነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈላት። ለንደን ውስጥ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከቤት ወጥቷል፤ አባቱ ወይ እኔን ወይ ጭፈራህን ምረጥ ብለውት። የትወና ትምህርት ቤት በነፃ ገባ። የመጀመሪያ ሥራዎቹ ሌባ፣ ስደተኛና ሬሳ መሆን ነበሩ። ሬሳ ሆኖ በተኛበት ቲያትር አንድ አዘጋጅ አተነፋፈሱን ወደደለትና የንጉሥ ዘበኛ አደረገው፤ ከዓመታት በኋላ ንጉሡን ራሱን ተጫወተ። እናቱ አባቱን ደብቃ እየመጣች ከኋላ ወንበር ታየው ነበር፤ እሷም ሞተች። ከዚያ ያ ስመ ጥር ያደረገው ፊልም መጣ። ማስታወቂያው ላይ እሱ አንዲት ተዋናይት ይስማል። ማስታወቂያው በለንደን አውቶቡሶች ጎን ላይ ተለጠፈ። ከነዚያ አውቶቡሶች አንዱን የሚነዱት አባቱ ነበሩ።

«ሳምንቱን ሙሉ ነዳው» አላት። «ከመስጊድ ሰዎች ፊት አቁሞ መንገደኛ ይጭናል። እኔ ጎኑ ላይ… ያቺን ሴት ስስማት። ሲያልቅ ደውሎ፣ ልጅ የለኝም አለኝ። ሶ፣ አባትሽ የሥጋ ዘመድ ሲሉ ማንን ልላክ?»

«እውነቱን ትነግረኝ ነበር። አባቴ ጥሎኛል ብትለኝ እኔ ራሴ የኔን አባት እለምንልህ ነበር። መስጊድ ሂደህ ኢማሙን ብትለምን ያንተ ሽማግሌ ይሆኑ ነበር። አንተ ግን ተዋናይ መረጥክ።»

ግዛቸው ያን ቃል ይናገራል ብሎ እንዳላሰበ ማለላት። አጎቱ ነኝ በል ብቻ ነበር ያለው። አቶ ፈክረዲን የአባትየውን ቃል ሲጠይቁት ሰውዬው ደነገጠ፤ የሚያውቀው የአባት ቃል ደግሞ ያቺን ብቻ ነበረች። ቲያትሩን ስለ በራእ ሕይወት የጻፈችው ሌላ ሴት ናት፤ ያቺ ንግግር ብቻ የራሱ ናት። በእንግሊዝኛ ጻፋት፣ ግዛቸው በአማርኛ አስተካከላት። አባቴ አንድ ቀን ቢለኝ የምመኘውን ነው የጻፍኩት አላት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ልቧን በሰበረው ነበር። ዛሬ ግን ነደዳት። ሐዘኑ እውነት መሆኑ ጭራሽ አናደዳት፤ እውነተኛ ሐዘን ያለው ሰው የሌላውን ሰው ሐዘን እንዴት መጫወቻ ያደርጋል?

«ስማኝ» አለችው። ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ሲብስባት ድምጿ ዝቅ ይላል። «አባቴ ተመልካች አይደለም። ቲኬት ቆርጦ አይደለም ያለቀሰው። ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ አንድ የማያውቀው አባት ለልጁ ሲለምን ሰምቶ ነው። ደሴ ላሉት ሁሉ ያንን ቃል ነግሯቸዋል። አሁን ምን ብሎ ይደውልላቸው?»

በራእ ከኋላዋ ገርበብ ወዳለው በር አየ።

«እኔስ? ከኋላዬ የተቀመጥከው፣ በመስታወት ያየኸኝ፣ ያ ሁሉ ምን ነበር? የቱ ነው ያንተ የቱ ነው ጥናት?»

«እንዴት እንደማሳይሽ አላውቅም» አለ። «ሁሉን ነገር ማሳየት ለምጃለሁ። ችግሬ እሱ ነው።»

«እንግዲያው አታሳየኝ። ደውልላቸው።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። ለንደን አሁን አመሻሽ ነው፣ ቤት ይሆናሉ አለችው። ስማቸውን ሰርቀህ በኔ በር ላይ ላቆምክባቸው ሰውዬ ደውልና ሰርቄሃለሁ በላቸው አለችው። ካልሆነ ከዚህ ደረጃ ውረድ፣ ሁለተኛ እንዳላይህ። ይህን ስትል ይወርዳል ብላ ፈራች።

አልወረደም። ስልኩን አወጣና ቁጥሩን ሳያይ በቃሉ መታው። ድምፁን ከፍቶ መሐላቸው ያዘው። ብዙ ጠራ።

«ሃሎ?» አለ የሽማግሌ ድምፅ። «ማነው?»

በራእ፣ ንጉሥ ሆኖ ሺህ ሰው ፊት የሚያገሣው ሰውዬ፣ ድምፅ አልወጣው አለ። «እኔ…» አለ። «አባባ፣ እኔ ነኝ። እኔ… እኔ…» አማርኛው ጠፋው፤ እንግሊዝኛውም ጠፋው። ሁስና እንዲህ ዓይነት ድምፅ ከሱ ሰምታ አታውቅም። ምንም ያማረ ነገር የለውም፤ የሕፃን ድምፅ ነው።

«ቁጥር ተሳስተሃል» አለ ስልኩ፤ ተዘጋ።

በራእ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ሁስና ደግሞ ቁጣዋ መንገዱ ጠፋት። አሁን ለንደን ድረስ ሄዳ የሚንኳኳ በር ብታገኝ ታንኳኳ ነበር። ከኋላዋ ገርበብ ያለው በር ተከፈተ። አቶ ፈክረዲን ናቸው፤ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። ሁሉን ሰምተዋል።

«ግባ» አሉት በራእን።

በራእ ተንቀሳቀሰ፤ እጃቸውን ለመሳም ጎንበስ ሲል እጃቸውን ወሰዱበት።

«አማች አድርጌህ አይደለም። ልጄን አልፈቀድኩልህም፤ ፊትህንም ማየት አልፈልግም። ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው። ቁጥሩን አምጣ።»

ሁስና ተከትላቸው ገባችና ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እጆቿን አጣምራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በራእ ጫማውን አውልቆ በሩ ጥግ ተኮራምቶ ቆመ። አቶ ፈክረዲን ወንበር አልሳቡም። ሳሎኑ መሐል፣ ያኔ ሽማግሌዎቹ በቆሙበት ቦታ ቆሙና በራሳቸው ስልክ ደወሉ።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ። «የማያውቁኝ ሰው ነኝ። ፈክረዲን እባላለሁ፣ የደሴ ሰው ነኝ፣ አሜሪካ ነው ያለሁት። ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት፤ በስልክ መምጣቴን ይቅር ይበሉኝ።»

የአባትየው ድምፅ ሰላምታውን መለሰ። ሰላምታ አይከለከልም። በልጅዎ ጉዳይ ነው ሲሉት ግን ልጅ የለኝም አለ። የአቶ ፈክረዲን ፊት ደም መሰለ።

«አለዎት። እዚህ በሬ ላይ ቆሟል። አሳፍሮዎታል፤ እኔንም አሳፍሮኛል፤ ከኔ በላይ ሊቆጣበት የሚችል ሰው ዛሬ የለም። በእርስዎ ስም የሐሰት ቃል አስልኮብኛል። ግን ቃሉን የፈጠረው እርስዎ ዝም ስላሉት ነው። ልጅ እንዴት የአባቱን ቃል ራሱ ጽፎ ራሱ ይሰማል? እኔ ለዚያ ቃል አልቅሻለሁ፤ እንግዲህ ያለቀስኩበትን እውነት ያድርጉልኝ። ቁጥር አልተሳሳትኩም። ቆሜ ነው የማናግርዎት፤ ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም።»

መስመሩ የተዘጋ መሰላቸው። ሩቅ የአውቶቡስ ፍሬን የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ አንድ መስኮት ክፍት ሳይሆን አይቀርም።

«ብቻዎን ነዎት?» አለ የአባትየው ድምፅ። «አንድ ሰው ሽማግሌ አይባልም።»

አቶ ፈክረዲን ዞረው ወደ ሚስታቸው አዩ። ሽማግሌነት የወንድ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ወይዘሮ ኸይሪያ ከወጥ ቤቱ በር ብቅ ብለው ሻሻቸውን አስተካከሉና ከባላቸው ጎን መጥተው ቆሙ።

ሽማግሌ ሦስት ነውና፣ አሁን አቶ ፈክረዲን ልጃቸውን አዩ። ወገባቸው እንደሚያማቸው ከአቋቋማቸው ታየዋለች፤ እንደማይቀመጡም ታውቃለች። ጥግ ላይ ያለውን ሰውዬ አላየችውም። ይቅር አላለችውም፤ ይቅር ልትለው እንደምትችልም አታውቅም። ሰኔ ላይ ኒካሕ ይኑር አይኑር የምታውቀው ነገር የለም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያ የሕፃን ድምፅ በአንድ ሰው ግባ ሊባል ይገባዋል።

የተጣመሩ እጆቿን ፈታችና ከሶፋው ተነስታ ከጎናቸው ቆመች።

«ሦስት ነን» አሉ አቶ ፈክረዲን።

ቁጣዋ አልበረደም። ቁጣውም አብሯት ቆመ።